የአፍሪካ ጠቅላላ ነፃነት፦ በቀለም የተሸሸገ ዕዳ
በአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው ይህ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ምሥጢር የለውም ሊባል ይችላል፤ ዘንዶው ክፋት፣ ችቦው ተስፋ መሆኑ ለማንም ግልጽ ነውና። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ሠዓሊያን ግን ተግሣጻቸውን በተደፋ ብርጭቆና ወለል ላይ በተጣለ ጫማ ሸሽገዋል። በዚህ መስታወትም የተሸሸገ መልእክት አለ፤ የተሸሸገው ግን በቀለሙ ውስጥ ነው፤ ያለፈውን፣ ትግሉንና መጪውን ዘመን የሚያሳዩት ሦስቱ መስኮቶች ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ጎልተው ይታያሉ፤ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ቀለማት። ችቦ የያዘው ቤተሰብም የሀገር ልብስ ለብሷል። ይህን ተራ ሀገራዊ ኩራት ማለት ሥራውን ያሳንሰዋል። በነፃነት የኖረ ሕዝብ ለሌላው መንገድ የማብራት ዕዳ እንዳለበት ያሳስባል፤ አዳራሹ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲመረቅ ብዙ የአህጉሪቱ ሕዝቦች ገና በቅኝ አገዛዝ ሥር ነበሩ።