ብረትና ማዕድ፤ የአራዳ ወራዙት ጽንዐ ሥጋ

የአራዳ ገበያ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተዘርግቶ ማሩና ቅቤው፣ እህሉና አሞሌው በሚራገፍበት ዘመን፣ ጡንቻው የዳበረ ሰው ለማየት የፈለገ እንደ ሆነ ዓይኑን ወደ መኳንንቱ ሳይሆን እህል በጀርባቸው እያዘሉ ወደሚመላለሱት ተሸካሚዎች መጣል ይገባው ነበር። ሆኖም የተሸካሚው ክንድ የድካሙ ምስክር፣ የባለጸጋው ውፍረት ግን የማዕዱና የሞገሱ ምስክር ተደርጎ ይቆጠር ስለ ነበር፣ የከሳ ልጅ ያላት እናት ልጇ እንዲወፍርላት እንጂ እንዲፈረጥምላት አትመኝም ነበር። ኃይልም ቢሆን በትግል፣ በገና ጨዋታና በፈረስ ጉግስ፣ በጃን ሜዳ በሕዝብ ፊት ይፈተን ነበር እንጂ ክንድን በመስታወት እያዩ መመዘን የሚባል ነገር አልነበረም።

ሥጋን ለብቻው እንደ አንድ ትምህርት ይዞ፣ ቀን ቈጥሮና መጠን ወስኖ ማበልጸግ የሚለው አሳብ ወደ ከተማችን የገባው ቀስ በቀስና በብዙ በር ነው። ዩጂን ሳንዶ የተባለው ጀርመን ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1901 በለንደን፣ በሮያል አልበርት አዳራሽ፣ የአካል ውበት ውድድር ባደረገ ጊዜ አዲስ አበባ ገና የድንኳንና የሣር ክዳን ከተማ ነበረች። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኰንንም በ1917 ዓ.ም. ከተከፈቱ በኋላ ግን የተማሪው ሰውነት እንደ ልቡናው ሁሉ ሥርዓት የሚያስፈልገው መሆኑ እየታወቀ ሄደ። የኢጣልያ ወራሪ ድል ከተደረገ በኋላም በ1938 ዓ.ም. ግድም የመጣው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን የክቡር ዘበኛን እጩ መኰንኖች የሰውነት ማጠንከሪያ ሲያስተምር፣ ይህ ዕውቀት የወታደርነት ማዕርግ ጭምር አገኘ።

የአራዳ ልጆች ግን ወታደሩን አልጠበቁም። በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የጊዮርጊስን የእግር ኳስ ክለብ በዚሁ ሠፈር ሲመሠርቱ፣ ወጣቱ በአንድ ስም ተሰብስቦ ሰውነቱን የሚያለማምድበት ምክንያት ተገኘ። ጠላት በገባ ጊዜም ክለቡ «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» የሚል ስም በግድ ተለጠፈበት፤ ኢትዮጵያውያንም ከነጮች ተለይተው እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲጫወቱ ተደረገ። በኋላ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለብዙ ዘመን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ከዚህ ትውልድ ናቸው። በኔ ግምት የአራዳ ወጣት የሰውነት ጥንካሬን ከክብር ጋር ማያያዝ የጀመረው በዚያን ጊዜ ነው፤ በነጻነቱ ዘመን እንደ ጨዋታ ይታይ የነበረው ነገር በወረራው ዘመን የመናቅ መልስ ሆነና።

ከዚያ በኋላ የሲኒማው ጀግና መጣ። እ.ኤ.አ. በ1950 የዓለም የሰውነት ውበት አሸናፊ የነበረው ስቲቭ ሪቭስ የሄርኩለስን ሚና ሲጫወት፣ የኢጣልያ ፊልም ሠሪዎች የጡንቸኛ ጀግና ታሪክ በዓለም ሁሉ ገበያ እንዳለው ዐወቁ፤ ከሲኒማ የወጣውም ልጅ የራሱን ቀጭን ክንድ አይቶ ማዘኑ አልቀረም። ወደ አራት ኪሎ ወጣ ብሎ ወደ ወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር (ወወክማ) ለገባ ስፖርቱ ከነአሠልጣኙ ይገኝ ነበር። ያልቻለው በሠፈሩ ግቢ ሲሚንቶ በወተት ቆርቆሮ ሞልቶ፣ ሁለቱን በቧንቧ ብረት ወይም በአሮጌ የመኪና ዘንግ አጋጥሞ፣ ሲደርቅ አነሣ። እነዚህ የሲሚንቶ ብረቶች ሁለት ወገን እኩል ስለማይመዝኑ አንዱን ትከሻ ከሌላው ያሳበጡ ነበር ቢባል የሚደንቅ አይደለም፤ ነገር ግን ታላቁ ታናሹን ያለ ክፍያ ያስተምርባቸው ስለ ነበር፣ ዛሬ በየወሩ ገንዘብ ከሚከፈልበት ጂም ይልቅ እኔ አከብራቸዋለሁ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ሠራተኛ ሠፈር ሲፈርሱ እንዲህ ያሉት ግቢዎችም አብረው ሄደዋል።

ይሁን እንጂ የከሳው ልጅ ዋና ችግር ብረቱ አልነበረም። የክሮቶኑ ሚሎን፣ በጥንቱ ኦሎምፒያ በትግል ስድስት ጊዜ ያሸነፈው፣ ጥጃ በየቀኑ እየተሸከመ፣ ጥጃው ወይፈን እስኪሆን ኃይሉ አብሮት አደገ ተብሎ ይተረካል፤ የልምምዱም ምሥጢር ይኸው ነው፤ ሸክሙ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምር፣ ሥጋውም በዕረፍትና በእንቅልፍ ይጠገን። ነገር ግን የሚጠገነው በምን ይጠገናል? ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን ጀማሪ በቀን ሰማንያ ግራም ያህል ፕሮቲን ቢያገኝ መልካም ነው ይባላል፤ አንድ እንቁላል የሚሰጠው ስድስት ግራም ብቻ ነው። ጥሬ እንቁላል በወተት መትቶ በአንድ ትንፋሽ መጠጣት ጀግንነት የሚመስለው ልጅ እንቁላሉን ቢቀቅለው ሆዱ ይበልጥ ይጠቀምበት ነበር። የኪስ ገንዘቡን በኤንሪኮ ኬክ ቤት የጨረሰው ደግሞ ክንዱን ትቶ ሆዱን አሳደገ።

ከዚህም በላይ የአራዳ ልጅ ማዕድ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የታጠረ ነው። ምእመናን ከዓመቱ መቶ ሰማንያ ቀን ያህል ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይከለከላሉ፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን ሃምሳ አምስት ቀን ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የሥጋን ልምምድ ከመንፈሳዊው በታች ማስቀመጡን ካህናቱ አይረሱም። በጥር ልምምድ የጀመረ ወሬዛ በመጋቢት ክብደቱ ሲቀንስ ጥፋቱን በብረቱ ላይ ያደርጋል እንጂ፣ እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ፣ ከዚያም በአንድ ጭልፋ ሽሮ መቆሙን አያስብም። መድኃኒቱ ግን ከዚያው ከጾሙ ጓዳ አይጠፋም፤ መቶ ግራም ደረቅ ምስር ሃያ አራት ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ቆሎው፣ በሶው፣ ተልባውና የለውዙ ቅቤም ለከሳ ሰው ጉልበት ይጨምራሉ፤ የጎደለው ብዛቱ ነው።

ሥርዓቱ ራሱ ደግሞ ለጀማሪ አንድ ሰፊ በር ከፍቶለታል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ስለ ሆነ፣ በትንሣኤ ማግሥት ልምምዱን የጀመረ ልጅ ወተቱንና ሥጋውን ሳያቋርጥ ሰባት ሳምንት ይሠራል። ከጰራቅሊጦስ በኋላ ሰኞ ጾመ ሐዋርያት ሲገባ፣ የምስሩ ድስት ከፍ እንዲል እናቱን መለመን የርሱ ፈንታ ነው።