የአቢጃታ ሂሳብ

ከአዳማ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ (በዝዋይ) አድርጋችሁ ወደ ሻሸመኔ ስትወርዱ፣ ቡልቡላን እንዳለፋችሁ በስተቀኝ አቢጃታ አለ። ዳርቻው ከዓመት ዓመት እየሸሸ ያለ ሐይቅ ነው። የብዝኃ ሕይወትን ዋጋ ስለ መተመን፣ የግል ባለሀብትን ወደ ጥበቃ ስለ መሳብ በተወራ ቁጥር ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

የአቢጃታ ሻላ ፓርክ በ1960ዎቹ ሲከለል ዋናው ምክንያት ወፎቹ ነበሩ። ፔሊካኖች የሚራቡት በሻላ ደሴት ላይ ነው። ሻላ ግን ጥልቅ ይሁን እንጂ የሚበቃቸው ዓሣ የለውም፤ ለምግብ ወደ አቢጃታ ይሻገሩ ነበር። አንዱ ሐይቅ መኝታ ቤት፣ ሌላው ማጀት እንደ ማለት ነው።

በ1980ዎቹ እዚያው ሐይቁ ዳር የሶዳ አሽ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ የሐይቁን ውሃ በገንዳ እያተነነ በዓመት 20 ሺህ ቶን ያህል ሊያመርት ታስቦ። ለመስታወትና ለሳሙና የሚሆን ግብዓት ነውና አገር ይፈልገዋል፣ ይህን አልክድም። ከላይ ደግሞ የመቂና የቀታር ወንዞች፣ ዝዋይም ራሱ ለመስኖ ተጠለፉ። በኋላ የአበባ እርሻው ተጨመረ። ከዝዋይ ተርፎ በቡልቡላ ወንዝ የሚወርደው ውሃ አነሰ። አቢጃታ መውጫ ስለሌለው የሚገባው ሲቀንስ ጨዋማነቱ ይበረታል። ዓሣው አለቀ፤ ፔሊካኑ ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ መብረር ግድ ሆነበት። ግራሩም ከሰል ሆኖ በማዳበሪያ አስፋልት ዳር ተደረደረ።

ሶዳው በቶን፣ አበባው በዶላር ተቆጥሯል። የወፉን ማጀት የቆጠረ ግን አልነበረም።

ሕግ አልጠፋም። አዋጅ 541/1999 የግል ባለሀብት የዱር እንስሳት ጥበቃ ቦታ እንዲያስተዳድር በር ከፍቷል። ከዚያ በፊትም በ1996 ዓ.ም ነጭ ሣር ፓርክ ለአፍሪካን ፓርክስ ተሰጥቶ ነበር፤ በውስጡ የሚኖሩት ሰዎች ጉዳይ እልባት ሳያገኝ ድርጅቱ በ2000 ዓ.ም ጥሎ ወጣ። አቢጃታ ሻላም ውስጥ ሰውና ከብት ሞልቷል። ነገ ገንዘብ ይዞ የሚመጣም መጀመሪያ የሚጋፈጠው ይህንኑ ነው።

እንደ እኔ ከሩቅ በጎ አድራጊ በፊት መክፈል ያለበት ከላይ ውሃውን የሚጠቀም ትልቅ እርሻ ነው። (በአንዲት ፓምፕ ሽንኩርት የሚያጠጣውን ገበሬ ማለቴ አይደለም።) አዋጅ 197/1992 የውሃ ክፍያን ይፈቅዳል። ገንዘቡ ወደ ማዕከል ካዝና ከመግባት ይልቅ ለፓርኩ ጠባቂዎችና ከሰል ማክሰሉን ለሚተዉ ቤተሰቦች ይድረስ። የሚለካውም ሩቅ አይደለም፤ በየወሩ በቡልቡላ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ ነው።