ካባ እና ቢያጆ

በዓለም ባንክ ሠፈር መሠረት ያስቆፈረ ሰው ድንጋዩ ከየት እንደሚመጣለት ቢጠየቅ «ከካባ» ይላል፤ ይህን የሰማ እንግዳ ካህናት በክብረ በዓል የሚደርቡትን ልብስ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ድምፁ አንድ ሲሆን ሥርወ ቃሉ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነውና። የድንጋዩ ካባ ከኢጣልያኖች «ካቫ» የመጣ ሲሆን፣ ልሳናችን ጥንት «ቨ» የሚባል ፊደል ስላልነበረው (ዛሬ የምንጽፈውም ከ«በ» የተቀረጸ ነው) በ«በ» ተቀበለው። በዚሁ ሕግ ጉዞ ማለት የሆነው «ቪያጆ» ቢያጆ ሆኖ፣ ትርጉሙም ከመንገዱ ወደ ጭነቱ ተሻግሮ፣ የአንድ መኪና ሙሉ ድንጋይ ወይም አሸዋ መስፈሪያ ሆነ።

ቢያጆ የሚለውን ቃል የተማርሁት በልጅነቴ ነው፤ ፊያት 682 ኤንትሬ፣ ስሙን ከዓይነት ምልክቱ ከ«ኤን»ና ሦስት ከሚለው «ትሬ» ያገኘው ያ ጽኑ መኪና፣ ድንጋይ ተሸክሞ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ሲወርድ፣ ረዳቱ ታኮውን ይዞ፣ መኪናው ገና ሳይቆም ዘሎ ከኋላ ጎማ ሥር ለመወተፍ ሲሮጥ፣ ያን ጊዜ ልቤ አብሮት ይሮጥ ነበር።

ለካባ የራሳችን ሥር አልጠፋም ነበር፤ በግእዝ «ወቀረ» ድንጋይ ጠረበ፣ ፈለፈለ ማለት ነው፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ውቅር መባላቸውም ከዚሁ ነው። ከዚህ ሥር የካባ ስም አለመውጣቱ ያሳዝነኛል፤ ቢያጆን ግን አልነካም፤ የሾፌሮችና የረዳቶች ላብ ያለበት ቃል ነው። ብቻ ድንጋይ የምትገዙ ሁሉ፣ ሲኖትራክ ከመጣ ወዲህ መስፈሪያው ተለውጧልና፣ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት የየትኛው መኪና ቢያጆ እንደሆነ ጠይቁ።