ስለ ወሰን

ልጆቼ ሆይ፤ ሁለት ገበሬዎች በአንድ ክንድ መሬት ተጣልተው ዳኛ ፊት ሲቆሙ ብታዩ ትስቁ ይሆናል። ዳሩ ግን መንግሥታትም በወሰን ነገር የሚያደርጉት ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ ገበሬው ከራሱ ከረጢት ሲከፍል መንግሥታት በሰው ልጅ መክፈላቸው ነው።

በአራዳ ጊዮርጊስ በኩል የሚያልፍ ሰው በፈረስ የተቀመጡትን የዐፄ ምኒልክን ሐውልት ያያል። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ዋዜማ ተመረቀ፤ ኢጣሊያኖች ከተማውን በያዙ ጊዜ አነሡት፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ያለው ሰፈር ግን በእነርሱ ቋንቋ እስከ ዛሬ ፒያሳ ይባላል፤ ስሙን የጠላው ሰው አላጋጠመኝም።

ለአድዋ ጦርነት መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ግስ ነበረ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው በውጫሌ ውል፣ በ17ኛው አንቀጽ፣ የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት መገልገል ይችላሉ ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ሰዋስው ምን ያደርግልናል ያሉኝ ተማሪዎች ስንት ናቸው! ሁለተኛው ነገር መሬት ነበረ፤ በውሉ አስመራ ለኢጣሊያ ተሰጥታ ሳለ ኢጣሊያኖች አልፈው እስከ መረብ ወንዝ ዘለቁ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድል ከሆነ በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል የውጫሌን ውል ሻረ፤ የኢትዮጵያንም ነጻነት አጸና። ድል አድራጊው ሠራዊት ግን መረብን አልተሻገረም። ስንቁ አልቆ፣ አገሩም በክፉ ቀን ረኃብ ተጎድቶ ስለ ነበረ ነው የሚሉ አሉ፤ አርቆ አለማየት ነው የሚሉም አሉ። እኔ ለፊተኞቹ አደላለሁ፤ ነገር ግን መረብ ማዶ የቀሩት ሰዎች በዚህ ለመፍረድ ከእኔ የበለጠ መብት አላቸው። ከዚያም በ1892፣ በ1894ና በ1900 ዓ.ም. በተፈረሙ ሦስት ውሎች ወሰኑ በወንዞች ስም፣ በመረብ፣ በበለሳና በሙና፣ በምሥራቅም ከባሕር ጠረፍ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ እንዲሄድ ተጻፈ። ተጻፈ እንጂ በምድሩ ላይ ምልክት አልተተከለም።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ ያንኑ ወሰን ደምስሳ ትግራይን ወደ ኤርትራ፣ ኦጋዴንን ወደ ሶማሊያ ቀላቀለች።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የአውሮፓን ካርታ በቀለም እንድንሥል እንታዘዝ ነበር፤ በጀርመንና በፈረንሳይ መካከል ያለውን የአልሳስን ወሰን ግን መምህሩ በእርሳስ አድርጉት ይሉን ነበር። ይኸውም አገሩ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1871 እስከ 1945 አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ስለ ተላለፈ ነው። ከመረብ ማዶ ያለ ሽማግሌም ከደጁ ሳይወጣ የኢጣሊያ ተገዢ ሆነ፤ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዞች አስተዳደሩት፤ በ1945 በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ተዋሐደ፤ በ1955 ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ ከብዙ ዓመት ጦርነት በኋላም በ1985 ዓ.ም. የነጻይቱ ኤርትራ ዜጋ ተባለ።

ግንቦት 1990 ዓ.ም. በባድመ ጦርነት ሲነሣ እኔ በአራዳ አካባቢ ታሪክ አስተምር ነበር። አንድ ቀን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ወንዙን በሰማያዊ ጠመኔ፣ ወሰኑን በቀይ ስሥል፣ ከፊት የተቀመጠች ልጅ «ቲቸር፣ እኛ ቤትስ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ፈገግ ብዬ ትምህርቴን ቀጠልሁ። አባትዋ አስመራ የተወለዱ መሆናቸውን አላወቅሁም ነበር። በሰኔ ወር ቦታዋ ባዶ ሆነ። በዚያ ጊዜ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ የኤርትራ ተወላጆች ከኢትዮጵያ ተባረሩ፤ ከወዲያም ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ንብረታቸውን ጥለው መጡ። በምሽግ የወደቁት ወጣቶች ቍጥር ከዚህ ሌላ ነው።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ሰላም ተፈረመ። በሚያዝያ 1994 የወሰን ኮሚሲዮኑ ዳኞች ባድመን ለኤርትራ ሲፈርዱ፣ በፊታቸው ዘርግተው ካነበቡት ወረቀት ዋናው እነዚያው የምኒልክ ዘመን ሦስት ውሎች ነበሩ። ኢትዮጵያ ፍርዱን ያለ ቅድመ ሁኔታ የተቀበለችው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ያቺ ልጅ ልጆች ወልዳ ይሆናል። እስከ ዛሬ አላገኘኋትም፤ የጠየቀችኝንም አልመለስሁላትም።