ፋርማሲስቱ ከየት መጣ?

ቦሌ ቡልቡላን የሚያውቅ ሰው ይህችን ነገር ሳያስተውል አይቀርም። አዲስ ሕንፃ አልቆ ሰው ሲገባበት ምድር ቤቱ ላይ መጀመሪያ ሱቅ ይከፈታል። ከዚያ ፀጉር ቤት፣ ከዚያ ካፌ ይከተላል። ብዙም ሳይቆይ ፋርማሲ ብቅ ይላል። ትናንት እርሻ የነበረ መሬት ዛሬ አሞክሳሲሊን ይሸጥበታል። ሰፈር ሰፈር የሚሆነው ፋርማሲ ሲኖረው ነው ያሰኛል!

ካፌው ውስጥ ደግሞ ሌላ ወሬ አለ። ባንክ ቤት የሰለቸው ገንዘብ ተቀባይ፣ ፕሮጀክቱ የቆመበት መሐንዲስ፣ በማኔጅመንት ተመርቃ እንግዳ ተቀባይ የሆነች ልጅ... ሁሉም አንድ ቀን "ምነው ፋርማሲ በተማርኩ ኖሮ!" ይላሉ። መልሱም የታወቀ ነው፤ "በዚህ ዕድሜህ? እንደገና ከሀ ልትጀምር?" ይሳቃል፣ ማኪያቶው ይጠጣል፣ ሰኞ ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል።

ለእኔ ግን ጥያቄው የሚሳቅበት አይመስለኝም። የመድኃኒት ሥራን ታሪክ በአገራችን ብናገላብጠው አንድ የሚገርም ነገር እናገኛለን። ይህ ሙያ ከጥንት ጀምሮ የተሠራው ከሌላ መንገድ በመጡ ሰዎች ነው። ቁም ነገሩ ሰዎቹ ከየት መጡ ሳይሆን በየትኛው በር ገቡ የሚለው ነው። እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

ዜማ ሊማር ሄዶ መድኃኒት ቀማሚ

የመጀመሪያው "ሙያ ቀያሪ" ደብተራው ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። ደብተራ ከቤቱ ሲወጣ ሐሳቡ ዜማና ቅኔ መማር ነበር። ነገር ግን በመንደሩ ማንበብና መጻፍ የሚችለው እሱ ሆነ። በሽተኛው ወደ እሱ መጣ። እሱም በብራና የተጻፈውን መጽሐፈ መድኃኒት ገልጦ ቅጠሉን በጠሰ፣ ሥሩን ማሰ። እነዚህ የመድኃኒት መጻሕፍት ተራ ነገር አልነበሩም። ፖላንዳዊው ምሁር ስቴፋን ስትሬልሲን ዕድሜውን ሙሉ ከደከመባቸው ሥራዎች አንዱ እነሱን ማጥናትና ማሳተም ነበር።

ከደብተራው ውጭ ደግሞ መድኃኒት አዋቂው ነበር። አራሽ ወይም ሴት ወይዘሮ ሊሆን ይችላል። ዕውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ፣ ያውም ለአንዱ ልጅ ብቻ፣ በምስጢር ይተላለፋል። እንቆቆ፣ መተሬ፣ ቢሳና፣ ኮሶ... ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ ትል ማስወጫ መድኃኒት በብዛት ቢያውቅ አይገርምም። ኮሶ የሚጠጣበት ቀን እንኳን የተከበረ ነበር። "ዛሬ ኮሶ ጠጥቷል" ከተባለ እንግዳ ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ የምትወዷት ነገር ላጫውታችሁ። የኮሶ ዛፍ በሳይንስ ስሙ "ሃጌኒያ አቢሲኒካ" ይባላል። "ሃጌኒያ" የተባለው በማን ይመስላችኋል? በኮኒግስበርግ ከተማ በነበረ ካርል ጎትፍሪድ ሃገን በሚባል ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ነው! የእኛ ዛፍ የፋርማሲስት ስም ተሸክሞ ነው የቆመው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮሶ አውሮፓ ገብቶ በመድኃኒት መዝገባቸው ላይ ሰፍሯል።

ታዲያ ኮሶ መድኃኒት ብቻ አይደለም። መጠኑ ሲበዛ ዓይን ያጠፋል፣ ሰውም ይገድላል። አንዱ በእፍኝ ይለካል፣ የሌላው እፍኝ ግን ሰፊ ነው። የመድኃኒት ሥራ ትልቁ ጥያቄ ያኔም ይኸው ነበር። መድኃኒቱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ መጠኑን ማወቅ ሌላ ነገር ነው። አዋቂው ሲሳሳት የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። ዕውቀቱ ምስጢር ስለሆነ ማን ያርመዋል?

ጠርሙሱን ይዘው የመጡት

ከዓድዋ ድል በኋላ በዚያው በ1896 እ.ኤ.አ. የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ሊያክም አዲስ አበባ ደረሰ። በ1910 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተከፈተ። በዚያው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዶክተር ሜራብ የሚባል የጆርጂያ ተወላጅ ሐኪም በከተማችን ከቀደሙት ዘመናዊ መድኃኒት ቤቶች አንዱን ከፈተ። ስሙንም በአገሩ ስም "የጆርጂያ ፋርማሲ" አለው። (ስሙን የሰማ አራዳ ጊዮርጊስን ቢጠረጥር አይፈረድበትም!) ይኸው ሰውዬ ስለ ኢትዮጵያ በፈረንሳይኛ ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ጽፏል። ሐኪም፣ ባለ መድኃኒት ቤት፣ ደራሲ፣ ሁሉንም በአንድ ራስ።

በዚያ ዘመን ጠርሙሱን፣ ሚዛኑንና ሙቀጫውን የያዙት በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ነበሩ። ኢትዮጵያዊው ከባንኮኒው ወዲህ ቆሞ የሚገዛ ነው። ወይም ደግሞ ውስጥ ገብቶ ጠርሙስ የሚያጥብና እያየ የሚማር ነው።

እያየ የሚማረው ሰው በሆስፒታል ውስጥ ስም አገኘ፤ ድሬሰር ተባለ። ሥራው ቁስል ማጠብና ማሰር ነበር። አንዳንዱ ከወታደር ቤት የመጣ፣ አንዳንዱ ትምህርቱን ያቋረጠ። ከዓመታት በኋላ ወደ ገጠር ከተማ ወርዶ ትንሽ መድኃኒት ቤት ሲከፍት የአገሩ ሰው "ዶክተር" ይለዋል። እናቶቻችንና አያቶቻችን የመጀመሪያዋን መርፌ የተወጉት ምናልባት በእንዲህ ያለ ሰው እጅ ይሆናል። ብዙዎቹ ሕይወት አድነዋል። ያለ መጠኑና ያለ በሽታው መርፌ የወጉም አልጠፉም። ልዩነቱ የተማሩት ነገር ላይ እንጂ ድሬሰር መሆናቸው ላይ አልነበረም።

በሩ ሲሠራ

በሩ የተሠራው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ተጀመረ። ለአርባ ዓመት ያህል በአገሪቱ ፋርማሲስት የሚያስመርቀው ይህ አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነበር። ጅማ፣ ጎንደርና መቀሌ የተከተሉት ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለት ነገሮች ሆኑ። የመድኃኒት ሥራን የሚገዛ ደንብ ወጣ፣ የኢትዮጵያ መድኃኒት ፋብሪካም (ኢፋርም) ተቋቋመ። ትምህርት ቤት፣ ደንብ፣ ፋብሪካ... ሙያው ሙያ መሰለ።

በዚህም ጊዜ ግን ወደ ፋርማሲ የሚገባው ሰው በአብዛኛው ሌላ ነገር አስቦ የመጣ ነበር። የቀድሞ ተማሪዎችን ጠይቁ። አንደኛ ዓመት ሳይንስ ፋኩልቲ ይገባሉ። ሕልማቸው ሕክምና ነው። ውጤቱ ትንሽ ሲያንስ ፋርማሲ። "ሁለተኛ ምርጫዬ ነበር" የሚል ፋርማሲስት ብታገኙ አትገረሙ። በኋላም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰባ በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ሲባል ምደባ የሚባለው ነገር የስንቱን ሕልም እንዳዟዟረ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች ይመስክሩ። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ያልመረጠውን የተመደበ ልጅ በሃያ ሰባት ዓመቱ "ልቀይር" ቢል ምኑ ነው የሚያስቀው?

መድኃኒት ቤቱ ራሱም መንገዱን ቀይሯል። "ከነማ" የሚለውን ስም ሁላችንም እናውቀዋለን። ሲተነተን "የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር" ማለት ነው። በኳሱም "ሐዋሳ ከነማ" ይባል የነበረው በዚሁ ነው። ከአብዮቱ በኋላ ብዙ ንብረት ሲወረስ መድኃኒት ቤት ማስተዳደር የቀበሌ ሥራ ሆነ። የቀበሌ ሊቀ መንበር ስለ ፔኒሲሊን ክምችት ሲጨነቅ አስቡት! ከነማ ግን ዘመኑን ተሻግሮ የከተማችን ሰው መድኃኒት ሲጠፋበት "እስቲ ከነማ ሞክር" የሚባልበት ስም ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ሕጉ እየጠበቀ መጣ። አዋጅ ቁጥር 176/1991 የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣንን አቋቋመ። አዋጅ 661/2002 እና አዋጅ 1112/2011 ተከተሉ። እያንዳንዱ አዋጅ የጎን በሮችን ለመዝጋት የወጣ ነው ማለት ይቻላል።

የአስርዮሽ ነጥቧ

አሁን ደግሞ ትንሽ ወደ እንግሊዝ አገር ላሻግራችሁ። አጋታ ክርስቲን የማያውቅ አንባቢ የለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በበጎ ፈቃደኝነት ነርስ ሆና ትሠራ ነበር። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ መድኃኒት ክፍል ተዛወረች፣ በ1917 እ.ኤ.አ. የመድኃኒት ቅመማ ፈተና አለፈች። በልቦለዶቿ ውስጥ ያ ሁሉ መርዝ ከየት መጣ ብላችሁ ከሆነ፣ ከዚያ ነው።

በሕይወት ታሪኳ ውስጥ የምትተርከው አንድ ነገር አለ። ልምምድ ላይ ሳለች አስተማሪዋ የሆነው የከተማው ፋርማሲስት በመቀመጫ የሚወሰድ መድኃኒት ሲሠራ አየች። ስሌቱን ስታየው የአስርዮሽ ነጥቧ ቦታዋን ስታለች። መጠኑ አሥር እጥፍ ሆኗል! ሰውዬው ደግሞ አይነኬ የተከበረ ባለሙያ ነው። ምን አደረገች? የተደናቀፈች መስላ መድኃኒቱን መሬት ላይ ደፋችውና ረገጠችው። ይቅርታ ጠየቀች፣ መድኃኒቱም እንደገና ተሠራ።

ይህችን ታሪክ የምወዳት ሁለት ነገር ስለምትናገር ነው። አንደኛ፣ ከሌላ መንገድ የመጣ ሰው አዲስ ዓይን ይዞ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ዓይኑ ብቻውን አይበቃም። አጋታ ስህተቱን ያየችው ስሌቱን ስለተማረች ነው። ያልተማረች ብትሆን ቆማ ታደንቀው ነበር።

ይህ በእኛም አገር ታይቷል። በ2011 እ.ኤ.አ. ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት እንዴት ገባ፣ እንዴት ወጣ፣ ስንት ተሸጠ፣ ስንት ጊዜው አለፈበት የሚለውን ኦዲት በሚደረግ ሥርዓት መያዝ ተጀመረ። ከዚያ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ተዛመተ። ይህ ሥርዓት ፋርማሲ ውስጥ የሒሳብ ባለሙያ አስገባ። ያ ካፌ ውስጥ "ፋርማሲ በተማርኩ" የሚለው የባንክ ልጅ ልብ ይበል። የሚያውቀው ነገር ፋርማሲው ውስጥ ቦታ አለው።

የጎን በርና የፊት በር

ዛሬ ያለንበት ሁኔታ እንዲህ ነው። ከ2008 እ.ኤ.አ. በኋላ የፋርማሲ ትምህርት ከአራት ዓመት ወደ አምስት ዓመት አደገ። ትኩረቱም ከካርቶኑ ወደ ታካሚው ዞረ። ፋርማሲስት ማለት ቆጥሮ የሚሰጥ ሳይሆን "ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ? እርጉዝ ነሽ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሆነ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናም አለ። ይህ ሁሉ መልካም ነው።

ግን ለጎልማሳው የፊት በሩ ጠባብ ነው። አሜሪካን ያሉ ወገኖቻችንን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ፋርማሲ የሚገባው ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ ሁለት ዓመት ከተማረ በኋላ ነው። ቀድሞ የተማረው ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይቆጠርለታል፣ ከዚያ አራት ዓመት ይማራል። ስለዚህ ቀን ፓርኪንግ እየሠራ፣ ማታ እየተማረ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ነጭ ጋወን የለበሰ ሐበሻ ብርቅ አይደለም። እዚህ ግን መደበኛው መንገድ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ቀጥታ የሚወስድ ነው። ለኬሚስትሪ ምሩቁም፣ አሥር ዓመት ላገለገለው ነርስም፣ ለሒሳብ ሠራተኛውም "ከሀ ጀምር" ነው መልሱ።

የፊት በር ሲጠብ የጎን በር ይሰፋል። ፈቃድ ኪራይ የሚባለውን ነገር ሁላችንም ሰምተናል። ዲፕሎማው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ባለ ዲፕሎማው የለም። ባንኮኒው ላይ የቆመው ባለ ገንዘቡ ወይም የአክስቱ ልጅ ነው። ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ ይሰጣል፣ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን እየለመደ ይሄዳል። ይህ እንግዲህ ፈቃድ የሰቀለ የጥንቱ "እፍኝ" ነው። ያውም ደብተራው ቢያንስ መጽሐፉን አንብቦ ነበር!

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ቀድሞ የተማሩት ሳይንስ የሚቆጠርበት፣ የማታና የቅዳሜ ትምህርት የሚሰጥበት፣ ፈተናው ግን ለማንም የማይላላበት መንገድ ለጎልማሳው ይከፈት። የጎን በሩ ደግሞ በእውነት ይዘጋ። ሁለቱ አንድ ላይ ካልሆኑ አንዱ ብቻውን አይሠራም።

"በዚህ ዕድሜህ?" ለሚባለው ወዳጄም አንድ ቃል አለኝ። አምስት ዓመቱ ብትማርም ባትማርም ያልፋል። ከደብተራው ጀምሮ ወደዚህ ባንኮኒ በቀጥታ የመጣ ሰው ጥቂት ነው፣ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። ሂድና ተማር። ፈቃድ ግን እንዳትከራይ።

ቸር እንሰንብት።