ቤተሰብን ይዞ ወደ ባሕር ማዶ ከተማ ለመዛወር፦ ለወረታና ለፎገራ ነዋሪዎች ጠቃሚ መረጃ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚያልፈው መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ ከሚገነጠልበት ቦታ የምትገኝ የመገናኛ ከተማ ናት። በዚህ መንገድ ወጥተው እንደ ዋሽንግተን፣ ቶሮንቶ ወይም ስቶክሆልም ባሉ ከተሞች የሚኖሩ ዘመዶቻቸውን ለመቀላቀል የሚዘጋጁ ቤተሰቦች አብዛኛውን ጭንቀታቸውን ለቪዛው ያውሉታል። ለአርሶ አደር ቤተሰብ ግን ከቪዛው ቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ትቶት የሚሄደው መሬት ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት በመሆኑ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ባለይዞታው ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ ይህም በውርስና በስጦታ ሊተላለፍ፣ ለተወሰነ ጊዜም ሊከራይ ይችላል። ስለዚህ «መሬቱን ሸጦ ለጉዞ» የሚባል ነገር በሕግ ፊት አይጸናም። በስውር የተደረገ ሽያጭ ሻጩን ከመሬቱ፣ ገዢውንም ከገንዘቡ የሚያለያይ ክርክር ሆኖ ፍርድ ቤት ደጃፍ መድረሱ የተለመደ ነው። መሬትን ያለ ወኪልና ያለ አራሽ ጥሎ መሄድም መብቱን አደጋ ላይ ይጥላል።

በፎገራ የተለመደው መፍትሔ ለዘመድ ወይም ለጎረቤት በመጋዞ መስጠት ነው። ልማዱ መልካም ነው፤ ጉድለቱ በቃል መቅረቱ ነው። በቃል የተሰጠ መሬት ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ የማን እንደነበረ ለማስረዳት ምስክር ፍለጋ ይጠይቃል፤ ባለቤቱ ደግሞ ባሕር ማዶ ነው። ውሉ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ፣ የኪራዩ ዘመን፣ የምርቱ ድርሻና የመሬቱ ወሰን ተገልጾ፣ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሊመዘገብ ይገባል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ያለ ከሆነ ሁለቱም መፈረም አለባቸው። ደብተሩን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ መሄድ አይመከርም፤ ለወኪል አስረክቦ ቅጂውን መያዝ ይሻላል።

ውክልናውም እዚሁ አገር ሳሉ መሰጠት አለበት። በውጭ አገር የሚሰጥ ውክልና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል አልፎ፣ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ እስኪደርስ ድረስ ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል። ሰነዱ ላይ ወኪሉ ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደማይችል በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ማከራየት ይችል እንደሆነ፣ ፍርድ ቤት መቆም ይችል እንደሆነ፣ ከባንክ ገንዘብ ማውጣት ይችል እንደሆነ። «በሁሉም ነገር ወክዬዋለሁ» የሚለው አጭር አነጋገር ለወንድማማቾች ጠብ መነሻ ሲሆን ይታያል።

የእርሻ በሬዎችንና ላሞችን በተመለከተ ምክሩ አንድ ነው፦ ቪዛው ፓስፖርት ላይ ሳይመታ አይሸጡ። ቀጠሮ ተይዟል ማለት ቪዛ ተገኝቷል ማለት አይደለም። የተቀባይ አገሮች ደንብ በአንድ ማስታወቂያ ሊለወጥ ይችላል፤ በሬ የሌለው ገበሬ ደግሞ ክረምት ሲገባ ተመጽዋች ይሆናል። የሚቻል ከሆነ ጉዞው የሩዙ አጨዳና ውቂያ ካለቀ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ምርቱ ተሽጦ ዕዳ ይከፈላል፣ ማሳውም ለሚቀጥለው አራሽ ባዶ ሆኖ ይተላለፋል።

ወደ ሰነዶቹ ስንመጣ ወሳኙ ነገር አንድ ዓይነትነት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ልጆችና በሽማግሌ ወይም በቤተ ክርስቲያን የተፈጸሙ ጋብቻዎች አስቀድመው በቀበሌ ሊመዘገቡ ይገባል። በልደት ምስክር ወረቀት «ገብረ ሥላሴ»፣ በፓስፖርት «ገብረስላሴ» ተብሎ የተጻፈ ስም ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ በላቲን ፊደል ሲገለበጥና ለቆንስላ ሠራተኛ ሲቀርብ ግን ሁለት ሰው ሊመስል ይችላል። ፓስፖርት ላይ የሰፈረው አጻጻፍ በትምህርት ማስረጃውም በክትባት ካርዱም ላይ እንዲሠራበት ማድረግ ያስፈልጋል።

የልደት ቀን ሲለወጥም ጥንቃቄ ይጠይቃል። መስከረም 1 ቀን 2005 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2012 ነው፤ ጥር 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 9 ቀን 2013 ይሆናል። ለሁሉም ስምንት ዓመት መደመር የተለመደ ስሕተት ነው፤ በአንድ ልጅ ላይ የአንድ ዓመት ልዩነት ሲፈጠርም የክፍል ደረጃውንም ሆነ ከወላጅ ጋር የመሄድ መብቱን ሊነካ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን በበጎ ልብ የሚፈጸመው ነው። የሟች ወንድምን ወይም የእኅትን ልጅ አሳድጎ እንደ ራስ ልጅ ማየት በአካባቢው የተከበረ ባህል ነው። በቪዛ ማመልከቻ ላይ «የወለድኩት ልጅ» ብሎ ማስመዝገብ ግን ሐሰተኛ መረጃ ነው። ኤምባሲዎች የዘረመል ምርመራ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ውጤቱ ሲለያይ የሚከለከለው ልጁ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ በሙሉ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ በፍርድ ቤት በጸደቀ ጉዲፈቻ ወይም ሞግዚትነት ስም በእውነቱ መቅረብ አለበት። ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚሄድ ከሆነም የሌላኛው ወላጅ የጽሑፍ ስምምነት ሊጠየቅ ይችላል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት፣ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ማስረጃ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይረጋገጣል። የልጆች የክትባት ካርድ ከጠፋ ከጤና ጣቢያው መዝገብ ማስገልበጥ ይገባል፤ በአሜሪካና በካናዳ ትምህርት ቤቶች ልጅ ሲመዘገብ ከሚጠየቁት ወረቀቶች አንዱ ነውና።

በዚህ ሁሉ መካከል «ፋይሉን አፋጥናለሁ» የሚል ደላላ አይጠፋም። ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲው ብቻ ነው። ከጎንደር በመተማ በኩል እናሻግራችሁ የሚሉት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚያስጠይቅ ወንጀል የሚፈጽሙ ናቸው፤ በዚያ መንገድ ልጅ ይዞ መውጣት የልጅን ሕይወት ማስያዝ ነው።

ሻንጣ ሲዘጋጅ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ብዙውን ጊዜ አያስቸግሩም፤ ሆኖም የምግብ ነገር ሁሉ ሲደርሱ መገለጽ አለበት። ቋንጣ፣ ለዘር የሚሆን ጤፍ ወይም ሩዝ፣ እንዲሁም አፈር ያለበት ማንኛውም ነገር ሊወረስና ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ከገዳም የተወሰደ እምነትም በጉምሩክ ሠራተኛ ዓይን አፈር ነው። ወደ አሜሪካ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ይዞ የሚገባ ሰው ማስታወቅ ግዴታው ነው፤ በካናዳም 10 ሺህ የካናዳ ዶላርና ከዚያ በላይ የያዘ ሰው ተመሳሳይ ግዴታ አለበት።

ከደረሱ በኋላ መጀመሪያ የሚያደናግረው ሰዓት ነው። በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚባለው በእነርሱ 9 ሰዓት ነው፤ «በ3» የተባለ የሐኪም ቀጠሮ ከቀኑ 9 ሰዓት መሆኑን ያላወቀ ሰው ስድስት ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል። ስምም ያደናግራል፦ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚያዝ አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይኖራቸዋል። ልጅን ከትምህርት ቤት ለመውሰድ ሲሄዱ የልደት ምስክር ወረቀቱን መያዝ ብዙ ማብራሪያ ይቀንሳል።

በወረታ ሕፃናት ጎረቤት ዓይን ሥር ይውላሉ፤ በዚያ ግን ትንሽ ልጅን ብቻውን ቤት መተው ወላጅን ሊያስጠይቅ ይችላል። በግርፋት መቅጣትም እንዲሁ፤ ስዊድን ይህን በሕግ የከለከለችው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። የአደጋ ጊዜ ስልክ በአሜሪካና በካናዳ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112 ሲሆን፣ ልጆችም ጭምር አዲሱን አድራሻቸውን በቃላቸው ሊያውቁት ይገባል። ቤት ኪራይ በጽሑፍ ውልና በመያዣ ገንዘብ የሚፈጸም ነው፤ ቤቱን ሳያዩ ገንዘብ መላክ ለአጭበርባሪ መጋለጥ ነው።

የአገር ቤት የስልክ ቁጥር ከባንክና ከቴሌብር ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሲም ካርዱ ከመዘጋቱ በፊት ባንኩን ማማከር ይገባል። ዓመታት አልፈው የሌላ አገር ዜግነት ለመውሰድ የሚያስብ ሰው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደሚያጣ ማወቅ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ብዙ መብት ቢመልስም፣ በገጠር ይዞታው ላይ የሚከተለውን ከመማሉ በፊት የወረዳውን መሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርበታል።

አረጋውያን ወላጆች የሚቀሩ ከሆነ የዕድሩ መዋጮ በማን ስም እንደሚቀጥል፣ ቢታመሙ ወደ ባሕር ዳር ማን እንደሚያደርሳቸው፣ የሚላከውን ገንዘብ ማን እንደሚቀበል ከመነሳት በፊት በዕድሩ ዳኛና በቅርብ ዘመድ ፊት ተነግሮ ቢጻፍ ይመረጣል።