የዋግ መድኃኒት ዘመዶች

የ2002 ዓ.ም. ክረምት ለአርሲ ገበሬ የጥጋብ ምልክት ነበር። በልጉ ዘንቧል፣ ክረምቱም አላባራ ብሏል፤ ከኢተያ እስከ በቆጂ ስንዴው ወፍሮ ቆሟል። 2003 ሲጠባ ግን ቅጠሉ ላይ ቢጫ ሰረዝ መውጣት ጀመረ። ሰረዙ በጣት ሲዳሰስ ዱቄት ነው። ማሳ አቋርጦ የሄደ ሰው ሱሪው እስከ ጉልበቱ ብርቱካንማ ቀለም ይዞ ይወጣል። ቢጫ ዋግ ነበር። ብርድና እርጥበት የሚወድ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው አየር የሚደላው፣ በነፋስ የሚጓዝ ፈንገስ ነው፤ የአርሲ ደጋ ለእሱ የተደገሰ ያህል ነው። በዚያ የምርት ዘመን በአገሪቱ ከ600,000 ሄክታር በላይ የስንዴ ማሳ ነካ። ለፀረ ፈንገስ ኬሚካል ብቻ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጣ።

ዋጉ ያነጠፋቸው ኩብሳና ገላማ የሚባሉትን ዝርያዎች ነው። ሁለቱም በ1987 ዓ.ም. የተለቀቁ፣ ገበሬው ምርታቸውን ወዶ ማሳውን የሰጣቸው ነበሩ። ገላማ የአርሲን ተራራ ስም የያዘ ነው። ኩብሳ ደግሞ ሜክሲኮ ካለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና ስንዴ ምርምር ማዕከል የወጣ፣ ሕንድ ድረስ ዘመዶች ያሉት ዘር ነው። እነዚህን ዘሮች ከቢጫ ዋግ ይከላከል የነበረው በዋናነት አንድ ዘረ መል ነበር። ያንን ዘረ መል ማለፍ የቻለ የፈንገስ ዝርያ ሲነሳ የአንዱን አገር ድንበር አይቶ አይመለስም፤ በዚያው ዓመት የሶርያም ስንዴ ተመቷል።

አርሲ ግን ይህን ፊልም ከዚያ በፊትም አይቶታል። የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1967 ተስማምተው በጭላሎ አውራጃ የእርሻ ልማት ድርጅት አቋቋሙ፤ ሕዝቡ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «ካዱ» ይለዋል። መቀመጫው አሰላ፣ የመጀመሪያው ዋና ኃላፊ ስዊድናዊው ቤንግት ኔክቢ ነበሩ። ስለ ካዱ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ባለመሬቱ ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን ማፈናቀሉን የሚመለከት ነው፤ መጻፉም ተገቢ ነው። እኔ የምከተለው ግን ሌላውን፣ የዘሩን ጉዳይ ነው። ካዱ ከአሰላ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በቁሉምሳ ዘር እየሞከረ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር እያደለ የአርሲን ደጋ የስንዴ አገር አደረገው። ገብሱ አፈገፈገ፣ ስንዴው ከአድማስ እስከ አድማስ ተያያዘ። ለዋግ ከዚህ የተሻለ መንገድ ማንም አልጠረገለትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዘሮቹ ስም መቁጠር ይቻላል። ላቀች እ.ኤ.አ. በ1977 በቢጫ ዋግ ወደቀች። ዳሸን በ1988 በዚያው በቢጫ ዋግ ተሸነፈ። እንቆይ ለሃያ ዓመት ያህል የገበሬው ወዳጅ ሆኖ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ94 ሌላው የዋግ ዓይነት፣ የግንድ ዋግ፣ ጨረሰው። ከ2003ቱ ውርጅብኝ በኋላ ቢጫ ዋግን የሚቋቋመው ዲገሉ በሰፊው ተሠራጨ፤ በኅዳር 2006 ዓ.ም. በአርሲና በባሌ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ ተነሥቶ እሱንም መታው። ዘር አርቢው አሥር ዓመት የደከመበትን ፈንገሱ በአንድ ክረምት ያፈርሰዋል።

ዘር ሲከዳ ወደ መርጫ መዞር ግድ ነው። የዋግ ኬሚካል ቀድሞ ከአነስተኛው ገበሬ ይልቅ የትልልቅ እርሻዎች ነገር ነበር፤ ከ2003 ወዲህ ግን ቲልት፣ ሬክስ ዱዎ፣ ናቱራ የሚሉት ስሞች ለአርሲ ገበሬ እንግዳ አይደሉም። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በጀርባ የሚታዘለው መርጫ 16 ሊትር ይይዛል። ለአንድ ሄክታር ግማሽ ሊትር ቲልት በ200 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል፤ ስለዚህ ለአንድ መርጫ 40 ሚሊ ሊትር ይገባል ማለት ነው። ከግማሹ ሊትር ውስጥ ዋናው ንጥረ ነገር፣ ፕሮፒኮናዞል፣ 125 ግራም ብቻ ነው፤ ይህች እፍኝ የማትሞላ ነገር አንድ ሄክታር ሙሉ ትሸፍናለች። ኬሚካሉ ቅጠሉ ውስጥ ሰርጎ ወደ ጫፉ ይወጣል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። ከርጭቱ በኋላ የሚወጣ አዲስ ቅጠል ታዲያ ጥበቃ የለውም። ለዚህ ነው ባለሙያው የመጨረሻዋን ቅጠል፣ ፍሬውን የምትቀልበውን፣ ጠብቀህ እርጭ የሚለው። በመለኪያ ፋንታ በጠርሙስ ክዳን የሚገመት ከሆነ ደግሞ ሲበዛ ገንዘብ ይባክናል፤ ሲያንስ ፈንገሱ መድኃኒቱን ለመልመድ ጊዜ ያገኛል።

አሁን ከእርሻ መድኃኒት መሸጫው ወጥተን ፋርማሲ እንግባ። መደርደሪያው ላይ ያሉትን የፈንገስ መድኃኒቶች ስማቸውን በድምፅ አንብቧቸው፤ ክሎትሪማዞል ለጭርት የሚቀባው፣ ሚኮናዞል፣ ኬቶኮናዞል፣ ፍሉኮናዞል፣ ኢትራኮናዞል። የፕሮፒኮናዞል ወንድሞች ናቸው። ይህ የአነጋገር ማሳመሪያ አይደለም፤ የተወለዱበት ቤት ሳይቀር አንድ ነው። ቤርሰ በምትባል የቤልጅግ ከተማ የሚገኘው የፖል ያንሰን ቤተ ሙከራ ለሰው ሚኮናዞልንና ኬቶኮናዞልን አወጣ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ፕሮፒኮናዞልን አግኝቶ ለስዊዘርላንዱ ሲባ ጋይጊ ሰጠ፤ ቲልት የተባለው እሱ ነው። የጀርመኑ ባየርም እንዲሁ፤ ክሎትሪማዞልን ለሰው ቆዳ፣ ትራያዲሜፎንን ለስንዴ ቅጠል አቀረበ። ኬሚስቱ አንድ ቀለበት ይቀጥላል፣ አንድ ክሎሪን ይለውጣል፤ አንዱ ሞለኪውል ወደ ማሳ፣ አንዱ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል።

ሁለቱም የሚመቱት ቦታ አንድ ነው። የፈንገስ ሴል ሽፋን ኤርጎስቴሮል የሚባል ቅባት ያስፈልገዋል፤ ለጭቃ ግድግዳ ጭድ እንደሚያስፈልገው። ያለ እሱ ሽፋኑ ይቆማል፣ ግን ይሰነጣጠቃል፣ ያፈሳል። ፈንገሱ ኤርጎስቴሮልን የሚያዘጋጀው በብዙ ደረጃ ሲሆን፣ አንዱን ደረጃ የሚሠራው ኢንዛይም በመሐሉ ብረት ይዟል። ኤዞሎች የሚባሉት እነዚህ መድኃኒቶች ቀለበታቸው ላይ ባለው ናይትሮጅን ያንን ብረት ጨምድደው ይይዙታል። ሥራው ይቆማል፤ ያላለቀ፣ ለፈንገሱ የማይስማማ ቅባትም ይጠራቀማል።

የሰው ሴል በኤርጎስቴሮል ፋንታ ኮሌስትሮል ይጠቀማል፤ መድኃኒቱ ሊለየን የሚችለው በዚህች ጠባብ ልዩነት ነው። ጠባብ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ፈንገስ ከዕፅዋት ይልቅ ለእንስሳት ይቀርባል፤ ባክቴሪያን ለመግደል የሚያገለግሉት ብዙዎቹ ዒላማዎች እኛ የሌሉን ናቸው፣ የፈንገስ አካል ግን በአብዛኛው የእኛን ይመስላል። የፀረ ባክቴሪያው ዝርዝር ረጅም ሆኖ የፀረ ፈንገሱ አጭር የሆነው ለዚህ ነው። ከኤዞሎች በፊት የነበረው ምርጫማ ከዚህም ያነሰ ነበር። ኒስታቲንን ኤሊዛቤት ሄዘንና ሬቸል ብራውን የተባሉ ሁለት ሴቶች በኒውዮርክ ግዛት ጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1950 አገኙት፤ ከአንጀት ወደ ደም ስለማይገባ ለአፍ፣ ለቆዳና ለመሰሉት ብቻ ነው። ግሪሴኦፉልቪን ከሻጋታ የተገኘ ሲሆን ጸጉርና ጥፍር ውስጥ ተቀምጦ የሕፃናትን የራስ ጭርት ያድናል፤ ከቆዳና ከጥፍር ያለፈ ጣጣ ግን አይነካም። አምፎቴሪሲን ቢ ወደ ውስጥ የገባውን ፈንገስ ያጠፋል፤ የሚሰጠው ግን በደም ሥር ነው፣ ኩላሊትንም ይጎዳል።

ፍሉኮናዞል ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። እንግሊዝ ሳንድዊች በሚገኘው የፋይዘር ቤተ ሙከራ ኬን ሪቻርድሰንና ባልደረቦቹ በውሃ የሚሟሟ፣ ጉበት ቶሎ የማይሰባብረው ኤዞል ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ የቀረበው ክኒን በቀን አንድ ጊዜ ቢዋጥ የሚበቃ፣ በደም ውስጥ ካለው አብዛኛው እጅ ወደ አንጎል ፈሳሽ የሚሻገር ሆነ። ጊዜው ኤችአይቪ የሚነግሥበት ስለነበር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኤድስ መከላከያውን የገፈፈውን ሰው ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ በሳንባው ገብቶ የአንጎሉን ሽፋን ያጠቃል፤ ሕመምተኛው ራሱን እየመታው፣ ብርሃን እየፈራ፣ እየተምታታበት ይሞታል።

በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። የጸረ ኤችአይቪ መድኃኒት በክፍያ የተጀመረው በ1995፣ በነጻ የሆነው በ1997 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ፍሉኮናዞልን የመሳሰሉ መድኃኒቶች በከፊል ይሸፍኑ ነበር፤ ዋጋቸውን ለቻለ። በደቡብ አፍሪካ የኤድስ ሕሙማን መብት ታጋዩ ዛኪ አክማት እ.ኤ.አ. በ2000 የታይላንድን ርካሽ ፍሉኮናዞል በይፋ ይዞ የገባው በዋጋው ተናዶ ነው፤ ፋይዘርም መድኃኒቱን በነጻ መስጠት ጀምሮ ኋላ ወደ ደሃ አገሮች አስፋፋው።

ቫይረሱን ራሱን ግን ኤዞል አይነካውም። ኤችአይቪ ኤርጎስቴሮል የለውም፤ ልባሱን የሚወስደው ከሰው ሴል ነው። የፀረ ቫይረሱ መድኃኒት የቫይረሱን የመራባት ሥራ በሐሰተኛ ጡብ ያስታል፣ ወይም ኢንዛይሙን ያግዳል። መከላከያው ሲያገግም ፈንገሱ መቆሚያ ያጣል፤ ስለዚህ ለክሪፕቶኮከስ ከሁሉ የላቀው መከላከያ የፀረ ቫይረሱ ክኒን ነው ማለት ይቻላል። የቁሉምሳ ተመራማሪዎችም ስለ ዘር የሚሉት ከዚህ አይርቅም፤ የሚቋቋም ዘር ያለው ገበሬ ርጭት አያስጨንቀውም።

ሁለቱን መድኃኒቶች አንድ ላይ መስጠት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፍሉኮናዞል የጉበትን ኢንዛይሞች ስለሚያግድ ኔቪራፒን የሚባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት በደም ውስጥ ከመጠን በላይ ያስጠራቅማል። የቲቢው ሪፋምፒሲን ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ ጉበትን አበርትቶ ኤዞሎችን ቶሎ ያስወግዳቸዋል፣ ኢትራኮናዞልንማ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ቲቢ፣ ኤችአይቪና ፈንገስ የሚገናኙበት ሕመምተኛ ላይ የሐኪሙ የመድኃኒት ወረቀት እንቆቅልሽ ይሆናል።

ቲቢን ያነሳሁት ለአርሲ የቆየ ታሪክ ስለሆነ ነው። አገሪቱ ሕመምተኛው በጤና ባለሙያ ፊት መድኃኒቱን እንዲውጥ የሚያደርገውን አሠራር በሙከራ የጀመረችው በ1984 ዓ.ም. በአርሲና በባሌ ነው። የዳነ ሰው ግን ሳንባው ውስጥ ዋሻ ሊቀርበት ይችላል። በዚያ ዋሻ ውስጥ አስፐርጊለስ የሚባል ሻጋታ ጎጆ ይሠራል። ሕክምናው ለወራት የሚዋጥ ኤዞል ነው።

አስፐርጊለስ ስንዴ አያጠቃም። የሚኖረው በበሰበሰ ነገር፣ በክምር ጭድ፣ በፍግ ላይ ነው። ከስንዴው ላይ የተረፈው ርጭት ግን ይደርሰዋል፤ የቲልቱ ኢላማ ያልሆነ ሻጋታ ቲልትን ይለማመዳል። ሆላንድ ውስጥ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሽተኞች ላይ ኤዞል የማይበግረው አስፐርጊለስ ተገኘ፤ ብዙዎቹ በሕይወታቸው ኤዞል ወስደው አያውቁም። የናይሜኸኑ ሐኪም ፖል ቨርዋይና ባልደረቦቹ የዘር ለውጡን ተከትለው ወደ እርሻና ወደ አበባ ማሳ ደረሱ። ያው ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2014 ከታንዛኒያ አፈር ተዘገበ። ሕመምተኛው ገና ሆስፒታል ሳይደርስ መድኃኒቱ በማሳ ላይ ተሸንፏል ማለት ነው።

ለዚህ ነው ስለ ቲልት በሚደረግ ንግግር ላይ የሆስፒታል ሰው አለመቀመጡ የሚያስገርመኝ። አሰላ ሁለቱም አሏት። በአንድ በኩል ቁሉምሳ አለ፤ በሌላው የአሰላ ሆስፒታልና አርሲ ዩኒቨርሲቲ ከጀርመኑ የዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠሩበት የሂርሽ የሐሩር ክልል ሕክምና ተቋም። የአስፐርጊለስን ናሙና ከጭድ ክምርም ከአክታም ወስዶ ለመርመር ከዚህ የተሻለ ከተማ አይታየኝም።

አውሮፓ ፕሮፒኮናዞልን እ.ኤ.አ. በ2019፣ ሌላውን የማሳ ኤዞል ኤፖክሲኮናዞልን በ2020 ከማሳዋ አስወጥታለች፤ ምክንያቷ ግን ሻጋታው ሳይሆን ለሰው ፅንስ ያላቸው ስጋት ነው። ለአርሲ ገበሬ እንዲህ ያለ ክልከላ ዛሬ ቢመጣ ዋጉን በምን እንደሚከላከል ጥያቄ ነው፤ ዘሩ ሲከዳ በዓመቱ መርጫ ያጣ ማሳ ምን እንደሚሆን 2003 ዓ.ም. አሳይቶናል። መፍትሔ የሚመስለው ኤዞል ያልሆነ አዲስ መድኃኒት ነው፤ እየተሠራም ነው። ኤዞል የማይበግረውን አስፐርጊለስ ለመግደል ተስፋ የተጣለበት ኦሎሮፊም በሰው ላይ እየተሞከረ ነው፤ የሚመታው ከኤርጎስቴሮል ሌላ ቦታ፣ ፈንገሱ ለዘረ መሉ ጥሬ ዕቃ የሚያዘጋጅበትን ኢንዛይም ነው። ይህንኑ ኢንዛይም የሚመታ የእርሻ ኬሚካል ኢፕፍሉፌኖኩዊን ይባላል፤ አሜሪካ ለፍራፍሬ ማሳ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፣ ኦሎሮፊም ከሐኪም እጅ ሳይገባ።